ትንሿ መኪና በልኳ ስትታደስ

ሂስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ቴአትርና ሥዕል ነው። መኪናም በዚህ ተርታ ይሰለፋል ቢባል ብዙ አንባቢ ፈገግ ይላል። መኪና ይገዛል፣ ይነዳል፣ ይበላሻል፣ ይሸጣል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ሂስ ያሻዋል? እንዲህ ለሚል ሰው ሁለት ነገር ላስታውሰው። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ ሲትሮይን ዲኤስ የተባለችውን መኪና ከጥንቶቹ ታላላቅ ካቴድራሎች ጋር አስተያይቶ ጽፎባታል። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ ቮልስዋገንንና ትንሿን ፊያት 500 ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ከሚያኖርበት ስብስቡ ጋር ቀላቅሏቸዋል። የሰው ልጅ አስቦና ተጨንቆ የሠራው ነገር ሁሉ ሊመረመርና ሊመዘን ይችላል ማለት ነው። ካልተመዘነ ጥሩው ከመጥፎው ተደባልቆ ይቀራል። መጥፎ ግጥም ቢበዛ ያሰለቻል፤ መጥፎ የመኪና ሥራ ግን ሰው ይገድላል።

ለዛሬ ልመዝነው የፈለግሁት አንድ ለየት ያለ የእጅ ሥራ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ዕድሜ የተጫናትን፣ በደህናው ዘመኗም ቢሆን የመካከለኛ ኑሮ ሰው መኪና የነበረችን አንዲት ትንሽ መኪና ይወስዳሉ። መልኳን እንደ ጥንቱ ያኖሩና ከቆዳዋ በታች ያለውን ሁሉ፣ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሬኑን፣ ሞላውን፣ ሽቦውን፣ በአዲስና በጠነከረ ይተኩታል። ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት መካከል የኋላ በራቸው ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈተው፣ ሃችባክ የሚባሉት ትንንሽ መኪኖች ይገኙበታል። በውጭው ዓለም ሥራው «ሬስቶሞድ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ማደስና ማሻሻል የሚሉትን ሁለት ቃላት ቆርጦ በማጋጠም የተፈጠረ ስም ነው። የእኛ ወጣቶች ባጭሩ «ሞዲፋይ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች እንዳይምታቱብን። ጥገና አለ፤ የቆመችውን ማስኬድ ነው። እድሳት አለ፤ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን ወደነበረችበት መልክ መመለስ ነው፤ የሙዚየም ሰው ሥራ ልንለው እንችላለን። ሦስተኛው ይህ አሁን የምንነጋገርበት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህኛው ለትርጉም ሥራ ይቀርባል። ተርጓሚ የሌላውን ሰው ድርሰት በራሱ ቋንቋ ሲጽፈው ቃሉን ሁሉ ይለውጣል፤ መጽሐፉ ግን ያው መጽሐፍ ሆኖ መገኘት አለበት። ወይም አንድ አቀናባሪ ትዝታን በአዲስ መሣሪያ ሲሠራው፣ «መሣሪያው ይለወጥ፤ ትዝታነቱ አለ ወይስ የለም?» ብለን እንደምንጠይቀው ነው። ለታደሰችው መኪናም የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። ሞተሯ ስንት የፈረስ ጉልበት አወጣ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፦ አዲሱ ሥራ የአሮጌዋን መኪና አሳብ ተረድቶታል ወይ?

ሰይቼንቶና ጊንጡ

የትንሽ መኪና አሳብ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰይቼንቶ ማለት ይበቃል። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ትሠራ የነበረችው ያቺ ክብ ትንሽ መኪና ከላዳ ዘመን በፊት የከተማችን እግር ነበረች። ስሟም ከጣሊያንኛው ቁጥር የመጣ ነው፤ ስድስት መቶ ማለት ነው። ፊያት 600 ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1955 ጄኔቭ ላይ ሲሆን የነደፋት መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮዛ ነው። የመጀመሪያው ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጠና በውሃ የሚቀዘቅዝ። ክብደቷ 600 ኪሎ አይሞላም፤ አራት ሰው ግን ትይዛለች። ጃኮዛ ሊመልስ የተነሳው ጥያቄ፣ ከጦርነት የወጣና ከስኩተር ያለፈ አቅም የሌለው ቤተሰብ ከነልጆቹ በአራት ጎማ እንዴት ይሂድ? የሚል ነበር። መልሱ ቁጠባ ሆነ። በላሜራው ላይ ትርፍ የለም፣ በሞተሩ ላይ ትርፍ የለም፣ በጓዳዋም ትርፍ የለም። ቁጠባው ግን ንፍገት አልሆነም፤ ያ ነው ጥበቡ።

ይህችን የቁጠባ መኪና አንስቶ የውድድር አውሬ ያደረጋት ካርሎ አባርት ነው። አባርት እ.ኤ.አ. በ1908 ቪየና ተወለደ፤ በ1949 ጣሊያን ውስጥ የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ ምልክቱንም የልደት ኮከቡ የሆነውን ጊንጥ አደረገው። ድርጅቱ እንጀራውን በአብዛኛው የበላው የጭስ ማውጫ ሠርቶ በመሸጥ ነበር። ጣሊያኖች ያን ዕቃ ማርሚታ ይሉታል፤ የእኛም መካኒክ ዛሬ ድረስ ማርሚታ ይለዋል። አባርት በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፊያት 850 ቲሲ በሚል ስም ያወጣት መኪና በመልኳ ያችው ሰይቼንቶ ናት። ሞተሯ ግን ወደ 847 ሲሲ አድጎ ሃምሳ ሁለት የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ይህም ከመጀመሪያዋ ከእጥፍ በላይ ነው። ፊት ጎማዎቿ ላይ የዲስክ ፍሬን ገባላት። ለሙቀቱ ማብረጃ ተጨማሪ ራዲያተር ከፊቷ ተሰቀለላት። ለውድድር ሲወጡ ደግሞ የኋላውን የሞተር ክዳን እንደተከፈተ በዘንግ ደግፈው ያቆሙት ነበር፤ ሞተሩ አየር እንዲያገኝ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ያ የተከፈተ ክዳን ለጌጥ አልተደረገም። ችግር የወለደው መላ ነው። ዛሬ ግን ያን ክዳን ያየ ሁሉ «አባርት!» ይላል። ውበቱ ከሥራው ወጣ እንጂ በሥራው ላይ አልተለጠፈም። ትንሽነቷም አልጠፋም፤ እንዲያውም ትላልቆቹን መኪኖች በመታጠፊያ ላይ የምታሳፍራቸው በትንሽነቷና በቅለቷ ነበር። አባርት የጃኮዛን ድርሰት በትክክል አንብቦታል የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው ምሳሌ እንግሊዛዊቷ ሚኒ ናት። በስዌዝ ቦይ ጠብ ሰበብ ቤንዚን በታጣበት ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ አሌክ ኢሲጎኒስ ያወጣት ይህች መኪና ሞተሯን በጎን አስተኝታ ለሰው ቦታ የለቀቀች ብልህ ፍጥረት ነበረች፤ 848 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ጆን ኩፐር አይቶ ወደዳትና በ1961 ሚኒ ኩፐር ተወለደች፤ 997 ሲሲ፣ 55 የፈረስ ጉልበት፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን። የዚያች ዘር የሆኑ ሚኒዎች የሞንቴ ካርሎን ራሊ በ1964፣ በ1965ና በ1967 አሸነፉ። እዚህም ላይ ሁለት ነገር ይታያል። ጉልበትና ፍሬን አብረው መጡ፤ ቤት ያፈራት መኪናም ቤተኛነቷን አልተወችም።

ሦስተኛዋ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የወጣችውን ይህችን ሃችባክ የጸነሷት ጥቂት የቮልስዋገን ሠራተኞች ናቸው፤ ከመደበኛ ሥራቸው በጎን ያሰቧት ነገር ነበረች። ኩባንያው 5,000 ብትሸጥ ይበቃል ብሎ ጀመረ፤ በመቶ ሺዎች ተሸጠች። 110 የፈረስ ጉልበት ቢኖራትም የኋላ በሯ ያው በር ነው፤ ቅዳሜ የገበያ ዘንቢል ይጫንበታል፣ ሰኞ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዱባታል። ኃይል ተጨመረላት እንጂ ከኑሮ አልወጣችም።

የባለጠጋው ትንሽ መኪና

ወደ ዛሬዎቹ ሬስቶሞዶች እንምጣ። እጅግ የሚደነቅ የእጅ ሥራ እንዳለባቸው አስቀድሜ ልመስክር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያናዊው ኤውጄኒዮ አሞስ ላንቺያ ዴልታ ኢንቴግራሌን እንደገና ሠርቶ «ፉቱሪስታ» በሚል ስም አወጣት። ዴልታ ስትወለድ፣ በ1979፣ ጁጃሮ የነደፋት ባለ አምስት በር የቤተሰብ ሃችባክ ነበረች። ኋላ ግን ከ1987 እስከ 1992 ድረስ ላንቺያን ለተከታታይ ስድስት ዓመት የዓለም ራሊ የአምራቾች ሻምፒዮን ያሰኘችው እሷ ናት። በጎረቤታችን በኬንያ የሳፋሪን ራሊ በ1988፣ በ1989ና በ1991 አሸንፋለች፤ የምሥራቅ አፍሪካን አቧራና ጭቃ ታውቀዋለች ማለት ነው። አሞስ ጎኗን በእጅ በተቀጠቀጠ አልሙኒየም ለበሰላት፣ ኮፋኖዋን ከካርቦን ሠራላት፣ ኃይሏን ወደ 330 የፈረስ ጉልበት አደረሰው። ሥራው ጥንቃቄና ፍቅር ያለበት ለመሆኑ ማንም ሊክድ አይችልም።

ዳሩ ግን የተሠሩት ሃያ ብቻ ናቸው፤ የእያንዳንዷ ዋጋ ወደ 300,000 ዩሮ ይጠጋል። ሁለቱ የኋላ በሮችም ተወግደዋል። ይህን የበር ነገር እንደ ቀላል አላየውም። የኋላ በር የልጅ በር ነው፣ የአያት በር ነው፣ የጓደኛ በር ነው። የቤተሰብ መኪና ሆና ተወልዳ ቤተሰቡን ሳትክድ ያሸነፈችውን መኪና ከበሯ ስትለያት፣ ከታሪኳ ግማሹን ገጽ ቀደህ ጣልክ ማለት ነው። የቀረው ገጽ ምንም ያህል በወርቅ ቀለም ቢጻፍ መጽሐፉ ጎዶሎ ነው።

በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ብራውን የተባለው ድርጅት ከ2017 ጀምሮ በምርጥ ቆዳና በረቀቀ ቀለም እንደገና የሚሠራት ሚኒም እንዲሁ ናት። ዋጋዋ ብዙ ተራ አዳዲስ መኪኖችን ይገዛል። ቤንዚን ላጣ ሰው የተፈጠረች መኪና የጌጣጌጥ ሣጥን ውስጥ ገባች። እኔ ሀብታም ለምን ተዋበ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ትንሽ መኪና የምታምረው ከራሷ በላይ የሆነ ነገር ሳትጠይቅ ብዙ ስለምትሰጥ ነው። ብዙ ጠይቃ ጥቂት የምትሰጥ ከሆነች፣ መልኳ ያው ቢሆንም፣ አሳቧ ተገልብጧል። ፉቱሪስታን በሙያው አመሰግናለሁ፤ በትርጉሙ እወቅሳለሁ።

የዘነበወርቅ ልክ

ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ ቤታችን እንመለስ። ምዕራብ አዲስ አበባን የመረጥሁት፣ በተለይም ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ዘነበወርቅ የሚባለውን ሰፈር የመረጥሁት፣ ያለ ምክንያት አይደለም።

በሬስቶሞድ ዓለም ትልቁ የማሞገሻ ቃል «ለአንድ ሰው በልኩ የተሠራ» የሚል ነው። ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲለካ እንደማለት ነው። ለብዙዎች ይህ የቅንጦት ምልክት ነው። ዘነበወርቅ ግን በልክ መሥራት የድሎት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከብዙ ከተሞች ቀድሞ ያወቀ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት ከነበረው ሆስፒታል ነው። በዚያው ቦታ በ1958 ዓ.ም. አለርት ተቋቋመ። አለርት ሰው ሠራሽ አካልና ለጉዳተኛ እግር የሚሆን ጫማ የሚሠራበት ወርክሾፕ አለው። በበሽታው ስሜቱን ያጣ እግር ድንጋይ ሲቆርጠው፣ እሾህ ሲወጋው አያውቅም፤ ስለዚህ ጫማው ስለ እግሩ ሊያስብለት ይገባል። ጫማ ሠሪው አስቀድሞ እግሩን ይለካል፤ ቁስሉ የት እንደሆነ፣ ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ያያል። ሶሉን የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። በልክ መሥራት ማለት ይህ ነው፤ ከባለቤቱ ገላና ከሚሄድበት መንገድ መነሣት።

ሰፈሩ ሌላም ነገር ያውቃል። አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የጣለችበት ቆሼ እዚያው አጠገብ ነው። የተጣለን ነገር ማንሳት፣ መለየትና እንደገና ለገበያ ማብቃት ለብዙ የአካባቢው ሰዎች እንጀራ ሆኖ ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ አሮጌ ዕቃን መልሶ መጠቀም ደስ የሚል የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በዚህ ከተማ ነገሩ ምን ያህል ክቡድ እንደሆነ ያስታውስ። እዚህ አሮጌ ነገርን የሚያነሳ እጅ ብዙውን ጊዜ ሌላ ምርጫ የሌለው እጅ ነው።

የእኛ መካኒክም ትምህርቱን ያገኘው ከዚህ ዓይነት ኑሮ ነው። የሙያው ቃላት ከየት እንደመጡ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኮፋኖ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ባትላሜራ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ቃሉና ሙያው ግን ቀሩ፤ በሀበሻ እጅም ገቡ። ያ እጅ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ዘመናት ሁሉ መለዋወጫ ሲጠፋ ከሶማሌ ተራ ፈልጎ፣ የአንዷን ለሌላዋ አስማምቶ፣ የሌለውን በቶርኖ አስቆርጦ፣ ሌላው አገር ለቁራጭ ብረት የሚሸጣትን መኪና ሲያስኬድ ኖሯል። ሬስቶሞድ የሚለው ስም ሳይፈጠር ሥራው፣ ቢያንስ ግማሹ፣ እዚህ ነበር። የጎደለው ሁለት ነገር ነው ባይ ነኝ፤ አንደኛው ቅደም ተከተል፣ ሁለተኛው ፊርማ።

ቅደም ተከተሉን ልናገር። ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳርም ሆነ በሌላው የከተማው ክፍል ጋራዥ ደጃፍ ቆም ብሎ ያየ ሰው፣ «ሞዲፋይ» የተባለች ትንሽ መኪና ብዙ ጊዜ በምን እንደምትጀመር ያውቃል። መጀመሪያ ቸርኬው ይለወጣል፤ ሰፋ ያለና የሚያብረቀርቅ ይሆናል። ቀጥሎ ቀለሙ። ቀጥሎ ማርሚታው ተቆርጦ ድምፅዋ ይጎረንናል። ቀጥሎ ሞላው ተቆርጦ ወደ መሬት ትጠጋለች። ቀጥሎ የድምፅ ማጉያው። ገንዘብ ከተረፈ ሞተሩ። ፍሬኑ ከሁሉም በኋላ፣ ወይም ጭራሹን አይታሰብም። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። አባርትና ኩፐር ግን ጉልበት ሲጨምሩ ፍሬኑን አብረው ለውጠዋል።

በልክ ይሠራ ከተባለ የሚለካው ነገር ምንድን ነው? አዲስ አበባ ነዋ! ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። አየሩን በራሱ የሚስብ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን፣ አንዳንዴም እስከ ሩቡ፣ እዚሁ ያጣል። አውሮፓ ውስጥ መቶ ፈረስ የነበረው እኛ ጋ ሲደርስ ሰማንያ ፈረስ ሆኖ ያርፋል ማለት ነው። በካርቡራተር የሚሠራ አሮጌ ሞተር ከሆነ ደግሞ ለቀጭኑ አየር ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ አየርን ጨምቆ የሚያስገባው ቱርቦ ለእኛ ከተማ ከጌጥ በላይ ትርጉም አለው፤ ከፍታው የወሰደብንን ይመልሳል።

ይህን ለመረዳት ብዙ የምናውቃትን ስታርሌትን እናንሳ። የዛሬዋ ቪትዝ እናት ናት፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ቦታዋን ለቪትዝ ለቃለች። ስታርሌት የትሕትና መኪና ናት፤ ማንንም አትፈታተንም፣ ማንንም አታሳፍርም። ቶዮታ ራሱ ግን ለጃፓን ገበያ በ1,300 ሲሲ ሞተር ላይ ቱርቦ ጨምሮ 135 የፈረስ ጉልበት የምታወጣ ስታርሌት ሠርቶ ነበር። ትንሽ ሞተር፣ ቱርቦ፣ ቀላል ገላ፤ ለአዲስ አበባ ከዚህ የተሻለ አሳብ ማግኘት ይከብዳል። አንድ የእኛ ባለሙያ አሮጌ ስታርሌት ይዞ በዚህ መንገድ ቢያስብ፣ ሥራው የውጭ መጽሔት መኮረጅ አይሆንም፤ የቤተሰቡን ዘር ቆጥሮ መሥራት ነው።

የኃይልንም ትርጉም ለራሳችን መተርጎም አለብን። ለጀርመን ሰው ኃይል ማለት ገደብ በሌለው አውራ ጎዳና ላይ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ኃይል ማለት አራት ሰው ጭኖ እንጦጦን ሲወጣ ራዲያተሩ አለመፍላቱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእንጦጦ ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ እግር ሥር ባዶ አለመሆኑ ነው። የተቆረጠ ሞላ ፍጥነት መቀነሻው ላይ ሆዷን ይፍቃታል፤ ጉድጓድ ውስጥ ቸርኬዋን ይሰብራል። ስለዚህ መሬት የነካች መኪና ለሥዕል ታምር ይሆናል እንጂ ለእኛ መንገድ በልኳ አልተሠራችም። አሳምሮ ከመንዳት ይልቅ አሳምሮ መቆም የከበደባት ከተማ ውስጥ፣ ፍሬን ያልተነካበትን የሞተር ሥራ ጥበብ ብሎ መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም። መንገዱን የሚያቋርጠው እግረኛ የዚህ ሂስ የመጀመሪያ ተደራሲ ነው።

ማን ሠራት?

ሁለተኛው ጉድለት ፊርማ ነው ብያለሁ። መጽሐፍ ላይ ደራሲው፣ ሥዕል ላይ ሠዓሊው ስሙን ያኖራል። የአባርት ጊንጥ ከስድሳ ዓመት በኋላም ማን እንደሠራት ይናገራል። የእኛ ባለሙያ ግን ሞተር ሲያስማማ፣ ላሜራ ሲያቃና፣ የሌለ ዕቃ ሲፈጥር ኖሮ ስሙ ከጋራዡ ግቢ አይወጣም። ምን ለወጠ? ከምን ላይ ወስዶ? ለምን? በየትኛው መጠን? ይህ አይጻፍም። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ መስፈር ስላለበት እሱ ብቻ ይመዘገብ ይሆናል። ቦሎ ሲለጠፍም የሚታየው መኪናዋ መቆሟና መሄዷ እንጂ አሳቧ አይደለም። ባለሙያው ሲያርፍ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል፤ ቀጣዩ ወጣት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ይህ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። የውሳኔውን ፖለቲካ ለሌሎች ልተወው። ለእኛ ጉዳይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን ትንንሽ መኪኖች፣ ቮልሶቹ፣ ስታርሌቶቹ፣ ቪትዞቹ፣ ቁጥራቸው የተዘጋ መዝገብ ሆኗል። አንዷ ስትበላሽ በቀላሉ በሌላ አትተካም። እያንዳንዷን በግድየለሽነት መቆራረጥ በአንድ ቅጂ ብቻ ያለን የብራና መጽሐፍ እንደመቁረጥ መቆጠር ጀምሯል።

መጪውም ምዕራፍ ከወዲሁ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጀርመን ውስጥ ቮልስዋገን ኢ-ክላሲክስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ አሮጌዋን ቮልስ ከዘመናዊ ትንሽ መኪናው በተወሰደ የኤሌክትሪክ ሞተር አስኬዳት። መልኳ ያችው የምናውቃት ቮልስ ናት፤ ስትሄድ ግን ያ የኋላ ሞተሯ የታወቀ ጩኸት የለም። ይህ ክህደት ነው ወይስ ትንሣኤ? ያው መመዘኛ ይመልሰዋል። ቮልስ የተሠራችው ተራው ሰው በቀላል ወጪና ያለ ጣጣ እንዲንቀሳቀስ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ይህን ካደረገላት አሳቧ አልሞተም። ድምፅዋን የሚናፍቅ ይኖራል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ነገር ግን ባትሪ ከባድ ነው፤ ጀርመኖቹም ሻንሲዋንና ፍሬኗን አጠንክረው ነው ያስኬዷት። እዚህም ቢሆን ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ልክ ላይ ይመጣል። የእኛ ጋራዦች ወደዚህ ሥራ መግባታቸው አይቀርም፤ ኤሌክትሪኩንም እንደ ቸርኬው በጌጥነት ከጀመሩት ግን የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ይሆናል።

እንግዲህ ፍርዴን ባጭሩ ላስቀምጥ። አሮጌ ትንሽ መኪናን በአዲስ ኃይል ማስነሣት ጥበብ ነው፤ ያውም ለእኛ እጅ ቅርብ የሆነ ጥበብ። ጥበብ የሚሆነው ግን ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ሠሪው የመጀመሪያውን ነዳፊ አሳብ ካነበበ፤ ሥራውን ከከተማው ከፍታ፣ ከዳገቱና ከቁልቁለቱ፣ ከእግረኛውም ከለካ፤ የሠራውንም ጽፎ ስሙን ካኖረ። ለዚህ የሚያስፈልገው 300,000 ዩሮ አይደለም። ለሦስተኛው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል፤ በእያንዳንዷ መኪና ስም አንድ ገጽ፣ ምን ተነሣ፣ ምን ገባ፣ ለምን። ባለመኪናውም ጋራዥ ሲገባ ስንት ፈረስ ትጨምርልኛለህ ከማለቱ በፊት በምን ታቆምልኛለህ ብሎ ይጠይቅ። መልሱ የተዘጋጀለት ባለሙያ ስሙን በኮፋኖዋ ሥር ቢጽፍ አይበዛበትም፤ ይገባዋልም።